የቀበሌ ምርጫ ውጤት እንዴት ይነበባል?

ዛሬ የምናወራው ስለ ምርጫ ነው፤ ስለ ፓርላማው ሳይሆን ስለ ገጠር ቀበሌና ወረዳ ምክር ቤቶች ምርጫ። የምርጫ ነገር ሲነሳ ጆሯችን ወደ አዲስ አበባ ያዘነብላል። የትኛው ፓርቲ ስንት ወንበር አገኘ፣ ማን መንግሥት መሠረተ እንላለን። የገጠር ሰው ግን በየዕለቱ የሚገናኘው ከቀበሌው ጋር ነው። የመሬት ይዞታ ደብተር ሲሰጥ፣ ወሰን ተገፋ ተብሎ ክርክር ሲነሳ፣ ለማዳበሪያ ስም ሲመዘገብ፣ የሴፍቲኔት የምግብ ዋስትና ድጋፍ ተጠቃሚ ሲመለመል፣ ከተማ ወጥቶ ሥራ የሚፈልግ ልጅ መታወቂያ ሲጠይቅ፣ መጀመሪያ የሚኬደው ወደ ቀበሌው ጽሕፈት ቤት ነው። ጠረጴዛው ላይ ያለው ማኅተም ትንሽ ቢመስልም የአንድን ቤተሰብ ዓመት ሊያቀና ወይም ሊያበላሽ ይችላል።

ታዲያ ያን ማኅተም የያዙትን ሰዎች ማን መረጣቸው? ሲመረጡስ ሌላ ተወዳዳሪ ነበራቸው? የምርጫው ውጤት በሬዲዮ ሲነገር ወይም በጣቢያው በር ላይ ሲለጠፍ ከቁጥሩ ምን እንረዳለን? በዚህ ዝግጅት አገራችን በ2000 እና በ2005 ዓ.ም. ያካሄደቻቸውን የአካባቢ ምርጫዎች መነሻ አድርገን እነዚህን ጥያቄዎች እንመለከታለን።

ቀበሌ ከየት እንደመጣ በአጭሩ እንጀምር። ከአብዮቱ በፊት በብዙ የገጠር አካባቢ በመንግሥትና በገበሬው መካከል የቆመው ጭቃ ሹሙ ነበር። የካቲት 25 ቀን 1967 ዓ.ም. የገጠር መሬትን የሕዝብ ያደረገው አዋጅ ቁጥር 31 ሲወጣ ገበሬው በማኅበር እንዲደራጅ ደነገገ። አንድ ማኅበር ቢያንስ 20 ጋሻ፣ ማለትም 800 ሄክታር መሬት እንዲያቅፍ ተደረገ። ማኅበሩ መሬት ያከፋፍላል፤ በፍርድ ሸንጎው ደግሞ የነዋሪውን ክርክር ይዳኛል። ዛሬም ብዙ አዛውንት ቀበሌያቸውን የሚጠሩት «ገበሬ ማኅበራችን» እያሉ ነው።

ያ ማኅበር መሬት ለሌለው ጭሰኛ መሬት የሰጠ ተቋም ነው፤ ይህ ሊረሳ አይገባም። ብዙም ሳይቆይ ግን እህል በኮታ የሚሰበሰበው በእሱ በኩል ሆነ፤ ለብሔራዊ ውትድርና ወጣት የሚመለመለውም በእሱው በኩል። የማኅበሩ ሊቀመንበር ነዋሪው የመረጠው ጎረቤት ነበር፤ ከበላይ የሚመጣውን ትእዛዝ የሚያስፈጽመውም ይኸው ሰው ነበር። ቀበሌ ገና ከጅምሩ ሁለቱን ሥራ ደርቦ ይዟል፤ የነዋሪው ድምፅም የመንግሥት እጅም ነው። የቀበሌ ምርጫን ውጤት ስናነብ ዋናው ጥያቄያችን ከእነዚህ ከሁለቱ የትኛው እንዳየለ ነው።

በ1987 ዓ.ም. የጸደቀው ሕገ መንግሥት ለዚህ ጥያቄ በጽሑፍ መልስ ሰጥቷል። አንቀጽ 50 ንዑስ አንቀጽ 4፣ ሕዝቡ በዝቅተኛው የአስተዳደር እርከን በቀጥታ እንዲሳተፍ ለዚያ እርከን በቂ ሥልጣን ይሰጠዋል ይላል። የቀበሌና የወረዳ ምክር ቤት የሚቆመው በዚህ ላይ ነው። ከደርግ ውድቀት በኋላ የመጀመሪያው የክልልና የአካባቢ ምርጫ የተካሄደው ከሕገ መንግሥቱም በፊት፣ ሰኔ 14 ቀን 1984 ዓ.ም. ነበር። የኦሮሞ ነፃነት ግንባር ድምፅ ሊሰጥ ጥቂት ቀናት ሲቀሩት ከውድድሩ መውጣቱ ያን ምርጫ ገና ሲጀመር ጎዳው። በ1993 ዓ.ም. ሌላ ዙር ተካሄደ። ቀጣዩ በ1998 ዓ.ም. መሆን ሲገባው ወደ 2000 ዓ.ም. ተሸጋገረ።

አሁን ወደ 2000 ዓ.ም. ምርጫ እንግባ። ድምፅ የተሰጠው በሁለት ተከታታይ እሑዶች፣ ሚያዝያ 5 እና ሚያዝያ 12 ነበር። ለውድድር የቀረበው የመቀመጫ ቁጥር በኢትዮጵያ ታሪክ ታይቶ የማይታወቅ ነው፤ በመላ አገሪቱ 3.6 ሚሊዮን ገደማ የምክር ቤት መቀመጫዎች። ከእነዚህ ከጥቂቶቹ በቀር ሁሉንም ያሸነፉት ገዥው ኢሕአዴግና አጋር ድርጅቶቹ ናቸው። በወቅቱ የነበሩት ዋና ዋና ተቃዋሚዎች፣ በተለይ የኢትዮጵያ ዴሞክራሲያዊ ኃይሎች ኅብረትና የኦሮሞ ፌዴራሊስት ዴሞክራሲያዊ ንቅናቄ፣ ዕጩዎቻችን ተዋከቡ፣ እንዳይመዘገቡ ተከለከሉ በማለት ከውድድሩ ወጡ። መንግሥት ክሱን አልተቀበለውም።

3.6 ሚሊዮን የሚለውን ቁጥር ቆም ብለን እንየው። በ1999 ዓ.ም. በተካሄደው የሕዝብና ቤት ቆጠራ የአገሪቱ ሕዝብ 74 ሚሊዮን ገደማ ነበር። ስሌቱን ስንሠራው፣ ታዝሎ የሚሄደው ሕፃን ሳይቀር ተቆጥሮ፣ ከየሃያው ሰው አንዱ የምክር ቤት አባል ሆኗል ማለት ነው። ይህ የሆነው ከምርጫው በፊት የቀበሌ ምክር ቤት አባላት ቁጥር እስከ 300 እንዲደርስ በመወሰኑ ነው። ቀድሞ የአንድ ቀበሌ ምክር ቤት በአንድ ዋርካ ሥር ሊሰበሰብ የሚችል ነበር።

አንድ ቀበሌ አስቡ፤ አምስት ሺህ ነዋሪ፣ አንድ ሺህ ገደማ አባወራና እማወራ ያለበት። ሦስት መቶ የምክር ቤት አባል ማለት ከየሦስት ወይም ከየአራት ቤቱ አንዱ አባል አለው ማለት ነው። ይህ በአንድ በኩል ሲታይ ደስ የሚል ነገር አለው። ምክር ቤቱ ለሁሉም ቅርብ ይሆናል፤ በስብሰባ ላይ ተናግረው የማያውቁ ሴቶችና ወጣቶች ወንበር ያገኛሉ። ውሳኔውን ያቀረቡት ሰዎች የተናገሩትም ይህንኑ ነበር፤ ሰፊ ተሳትፎ።

ግን ሌላውን ጎን እንመልከት። አንድ አነስተኛ ፓርቲ በአንዲት ቀበሌ ብቻ ሙሉ ተወዳዳሪ ለመሆን 300 ዕጩ ማግኘት አለበት። ዕጩዎቹ ደግሞ ስማቸው ተለጥፎ፣ በጎረቤት ታውቀው፣ በማግስቱ ማዳበሪያ ለመውሰድ ወደዚያው ጽሕፈት ቤት የሚሄዱ ሰዎች ናቸው። የአገሪቱ የገጠር ቀበሌዎች 15 ሺህ ገደማ ናቸው። ይህን ያህል ዕጩ ማቅረብ የሚችለው እስከ ጎጥ የወረደ መዋቅር ያለው ድርጅት ብቻ ነው፤ ያ ድርጅት ደግሞ አንድ ብቻ ነበር። ከ1997ቱ አገር አቀፍ ምርጫ በኋላ የኢሕአዴግ አባላት ቁጥር ከአንድ ሚሊዮን በታች ተነስቶ በጥቂት ዓመታት ውስጥ ወደ አራት ሚሊዮን አሻቅቧል። የመቀመጫው ብዛትና የአባላቱ ብዛት መቀራረቡን ልብ በሉ።

እኔ ከዚህ የምረዳው እንዲህ ነው። የመቀመጫው ቁጥር ሲበዛ የእያንዳንዱ መቀመጫ ክብደት ቀነሰ። 300 ሰው በአንድ ጉባኤ ተቀምጦ ስለ አንድ ምንጭ ጥገና ወይም ስለ አንዲት መበለት መሬት መምከር አይችልም፤ የሚችለው ተዘጋጅቶ የመጣለትን ማጽደቅ ነው። ሥራው በሊቀመንበሩና በካቢኔው እጅ ቀረ። የቀሩት አባላት ከላይ የወረደውን መልእክት ወደየቤቱ የሚያደርሱ ሆኑ። በኋላ አንድ ሰው አምስት ጎረቤቶቹን የሚያስተባብርበት «አንድ ለአምስት» የተባለው አደረጃጀት ሲመጣ ያረፈው በዚሁ መሠረት ላይ ነው። ምክር ቤት ማለት አስፈጻሚውን የሚጠይቅ ሰው የሚቀመጥበት ቦታ ነው። ጠያቂና ተጠያቂ የአንድ ድርጅት አባል ሲሆኑ፣ ጠያቂው አባልነቱንም ኑሮውንም ያገኘው በተጠያቂው በኩል ሲሆን፣ ስብሰባው ሳይካሄድ ውሳኔው አልቋል።

ስለዚህ የ2000 ዓ.ም. ውጤት ገዥው ድርጅት እስከ መንደር ድረስ መድረሱን በሚገባ ያሳያል። ነዋሪው ምን እንደፈለገ ግን አያሳይም። ፍላጎት የሚታየው ምርጫ ሲኖር ነው። አንድ ገበሬ የመንገዱን ዕጩ ወይስ የውኃውን ዕጩ እመርጣለሁ ብሎ ካላመነታ፣ የሰጠው ድምፅ ስለ መንገዱም ስለ ውኃውም የሚነግረን ነገር የለም።

በ2005 ዓ.ም. ሚያዝያ 6 እና 13 የተካሄደው ምርጫም ከዚህ አልራቀም። 33 ፓርቲዎች የመወዳደሪያ ሜዳው ካልተስተካከለ አንገባም ብለው ጥያቄያቸውን ለምርጫ ቦርድ በጋራ አቀረቡ፤ መልሱ አላረካቸውምና አልተወዳደሩም። ኢሕአዴግና አጋሮቹ መቀመጫዎቹን በሙሉ ለማለት በሚያስደፍር ደረጃ ያዙ። ከዚያ በኋላ ምን ሆነ? በ2010 ዓ.ም. ሊካሄድ ይገባው የነበረው ምርጫ ተራዘመ። በ2013 ዓ.ም. ለተወካዮች ምክር ቤትና ለክልል ምክር ቤቶች ድምፅ ሲሰጥ የገጠሩ መራጭ ለቀበሌውና ለወረዳው ድምፅ አልሰጠም። በ2005 ዓ.ም. ስምንት ዓመት የነበረው ልጅ በ2015 ዓ.ም. 18 ዓመት ሞላው። ድምፅ ለመስጠት በቃ፤ ለራሱ ቀበሌ ምክር ቤት ግን አንድም ጊዜ አልመረጠም። በቀበሌ ወንበር ላይ ሰው ይቀያየራል፤ ሊቀመንበር ይነሳል፣ ሌላ ይተካል። ይህ ግን በግምገማና በሹመት እንጂ በምርጫ ሣጥን አይደለም። እንደ እኔ ይህ በአገራችን የምርጫ ታሪክ ትልቁ ክፍተት ነው፤ የሚነገርለት ግን ጥቂት ነው።

አሁን ደግሞ ወደ ሥራው ዝርዝር እንግባ። የአካባቢ ምርጫ በተካሄደ ጊዜ የጣቢያውን ውጤት እንዴት ታነባላችሁ?

ድምፅ መስጠቱ ሲያበቃ ቆጠራው የሚካሄደው እዚያው ምርጫ ጣቢያው ውስጥ ነው። ሣጥኑ በታዛቢዎችና በተወዳዳሪ ወኪሎች ፊት ይከፈታል፤ ወረቀቱ ጠረጴዛ ላይ ይገለበጣል። አስፈጻሚዋ አንድ አንዱን ወረቀት እያነሳች፣ ሁሉም እንዲያዩት ከፍ አድርጋ፣ ምልክቱ የተደረገበትን ዕጩ ትጠራለች። ሁለት ቦታ ምልክት የተደረገበት፣ ምንም ያልተደረገበት፣ የመራጩ ፍላጎት የማይለይበት ወረቀት ለብቻው ይቀመጣል። ሲያልቅ ቅጽ ይሞላል፣ ይፈረማል፣ አንዱ ቅጂ ለሕዝብ እንዲታይ ጣቢያው ላይ ይለጠፋል።

ያን ቅጽ ስታዩ ዓይናችሁ መጀመሪያ የአሸናፊውን ስም መፈለጉ አይቀርም። እሱን ለጊዜው ተዉትና ከላይ ያሉትን ቁጥሮች እዩ። ለምሳሌ ያህል እኛ የፈጠርነውን ጣቢያ እንውሰድ። ጣቢያው 1,000 ድምፅ መስጫ ወረቀት ተረክቧል። 186 ሳይሠራበት ተርፏል። 2 መራጮች ወረቀታቸውን አበላሽተው በመመለስ ሌላ ወስደዋል። ሣጥን ውስጥ የተገኘው 812 ነው። 186፣ 2 እና 812 ሲደመሩ 1,000 ይሆናሉ። ድምሩ ከሞላ ወረቀቱ አልጠፋም፣ አልተጨመረም ማለት ነው። ካልሞላ ግን ማን አሸነፈ ከማለት በፊት ልዩነቱ ከየት መጣ ብሎ መጠየቅ ይገባል። ይህን ለመጠየቅ የሂሳብ መምህር መሆን አያስፈልግም፤ የእህል ነጋዴ በየገበያው ቀን የሚሠራው ድምር ነው።

ቀጥሎ የተመዘገበው መራጭ። በዚሁ ምሳሌያችን 940 ሰው ተመዝግቦ 812 ድምፅ ሰጥቷል፤ ከመቶ 86 ገደማ። ከ812ቱ 31 ወረቀት ዋጋ አልባ ሆኗል። ዋጋ አልባው ሲበዛ ሁለት ነገር ሊያመለክት ይችላል፤ መራጩ አሰጣጡን በደንብ አልተማረም፣ ወይም የቀረበለትን ሁሉ አልወደደም። የትኛው እንደሆነ የሚያውቀው የአካባቢው ሰው ነው። በብዙ አጎራባች ጣቢያዎች ዋጋ አልባው 30 እየሆነ በአንዱ ብቻ 200 ከደረሰ፣ ወይም ደግሞ በአንዱ የተመዘገበው ሰው በሙሉ አንድም ሳይቀር መርጦ ከተገኘ፣ ጥያቄ ያስነሳል። በገጠር ቀበሌ በምርጫው ዕለት የወለደች አለች፣ ለቅሶ የሄደ አለ፣ ከብት ይዞ ቆላ የወረደ አለ። መቶ ከመቶ የመጣ ሕዝብ በመጽሐፍ ላይ እንጂ በሜዳ አይገኝም።

የቀረው ዋጋ ያለው ድምፅ 781 ነው። አንደኛው ፓርቲ 402፣ ሁለተኛው 251፣ የግል ተወዳዳሪው 128 አገኙ እንበል። አንደኛው አሸነፈ፤ ከግማሽ በጥቂቱ ከፍ ብሎ። ሕገ መንግሥታችን በአንቀጽ 54 የተወካዮች ምክር ቤት አባላት አብላጫ ድምፅ በማግኘት እንዲመረጡ ይደነግጋል፤ ብዙ ድምፅ ያገኘ ወንበሩን ይወስዳል። ይህ ዘዴ ወደ መንደር ሲወርድ ብዙ ወንበር ባለበት ቦታ ከባድ ውጤት ያመጣል። በምሳሌያችን አካባቢ 15 ወንበር ቢኖርና ሁሉም ሰው ለሁሉም ወንበር እንዲሁ ቢመርጥ፣ በ402 ድምፅ 15ቱም ወንበሮች ለአንድ ፓርቲ ይገባሉ። 379 ሰዎች፣ ከመራጩ ግማሽ ሊሞላ ጥቂት የቀረው፣ በምክር ቤቱ አንድም ሰው አይኖራቸውም።

በተመጣጣኝ ውክልና ቢከፈል ግን አንደኛው 8፣ ሁለተኛው 5፣ ግለሰቡ የሚመራው ቡድን 2 ወንበር ያገኙ ነበር። አሸናፊው ያው አሸናፊ ነው፤ ይመራል። ነገር ግን በየስብሰባው «ይህ ገንዘብ የት ገባ?» የሚሉ ሰባት ሰዎች ፊት ለፊቱ ይቀመጣሉ። ደቡብ አፍሪካ ለአካባቢ ምክር ቤቶቿ ሁለቱን አዳምራለች፤ ገሚሱ ወንበር በቀጣና በአብላጫ ድምፅ፣ ገሚሱ በፓርቲ ዝርዝር በተመጣጣኝ ውክልና ይሞላል። ለእኛ ቀበሌና ወረዳ የሚበጀው የቱ ነው የሚለውን ባለሙያዎች ይከራከሩበት ማለት አይበቃም፤ ጉዳዩ የነዋሪው ነው። ምክንያቱም በአንድ መንደር በጎሳ፣ በሃይማኖት ወይም በሰፈር ትንሽ የሆነው ወገን ሁልጊዜ የሚሸነፍ ከሆነ፣ ምርጫው ለእሱ ቁስል የሚቀሰቅስ ቀን ይሆንበታል።

ስለ ድምፅ ምሥጢራዊነት ደግሞ ጥቂት ልበል። በከተማ ጎረቤትህ ማንን እንደመረጥህ ላያውቅ ይችላል። በገጠር ግን ዝምድናው፣ አበልጅነቱ፣ ዕድሩ፣ ማኅበሩ ሁሉ ተያይዟል። በኡጋንዳ ሐምሌ 3 ቀን 2010 ዓ.ም. የመንደር ምክር ቤት ምርጫ ተካሂዶ ነበር፤ ከ17 ዓመት በኋላ የመጀመሪያው። አመራረጡ ሕዝቡ ከሚደግፈው ዕጩ ኋላ በሰልፍ መቆም ነው። ርካሽ ነው፣ ፈጣን ነው፣ ኮሮጆ ለመገልበጥ አያመችም፤ ሁሉም በዓይኑ አይቶ ይቆጥራል። ግን አንድ ሰው ከአበዳሪው ወይም ከመሬት አከራዩ ፊት ተነስቶ ከተቃራኒው ሰልፍ ለመቆም ምን ያህል ልብ ይጠይቀዋል! ባሏ እዚህ ቆሞ ሚስት እዚያ መቆም ትችላለች? በእኛ ሕግ ድምፅ በምሥጢር ይሰጣል፤ መጋረጃው ትርፍ ጨርቅ አይደለም። ማንም፣ አባትም ቢሆን፣ የልማት ቡድን መሪም ቢሆን፣ የድምፅ መስጫ ወረቀታችሁን አሳዩኝ የማለት መብት የለውም። ማንበብ የማይችል ሰው በምልክቱ ይለያል፤ ዓይነ ስውር የሆነ ደግሞ የሚያምነውን ረዳት ራሱ ይመርጣል።

ውድድር ሲኖር፣ ወንበሩም ሥልጣን ሲኖረው፣ ማን እንደተመረጠ በእርግጥ ለውጥ ያመጣል? ለዚህ የተሻለው ማስረጃ ከሕንድ ይገኛል። ሕንድ በ1985 ዓ.ም. ሥራ ላይ ባዋለችው 73ኛው የሕገ መንግሥት ማሻሻያ በገጠር ምክር ቤቶች ቢያንስ አንድ ሦስተኛው ወንበር ለሴቶች እንዲሆን ደነገገች፤ የሊቀመንበርነቱም ቦታ እንዲሁ። የትኛው መንደር በዚህ ዙር በሴት እንዲመራ የሚወሰነው በተራ ስለነበር ተመራማሪዎች ለማነጻጸር ቻሉ። ራጋቤንድራ ቻቶፓድያይና ኋላ የኖቤል ሽልማት ያገኘችው አስቴር ዱፍሎ በምዕራብ ቤንጋልና በራጃስታን መንደሮች ያጠኑት በ1996 ዓ.ም. ታተመ። ሴቶች ለምክር ቤቱ ከሚያቀርቡት አቤቱታ ግንባር ቀደሙ የመጠጥ ውኃ ነበር። በሴት የሚመሩት ምክር ቤቶች ደግሞ ለመጠጥ ውኃ ከሌሎቹ የበለጠ አወጡ። ውኃ የሚቀዳው ሰው ወንበሩ ላይ ሲቀመጥ በጀቱ ወደ ውኃ ሄደ።

በእኛም አገር በ2000ው ምርጫ ገዥው ድርጅት ለሴቶች የቀበሌ መቀመጫ ግማሽ እንዲሰጥ ወስኖ ነበር። ወንበሩ ተሰጥቷል፤ ይህ ትንሽ ነገር አይደለም። ልዩነቱ ግን ሥልጣኑ ላይ ነው። የሕንዷ ሊቀመንበር የምታዝበት ገንዘብ ነበራት። ከ300 አባላት አንዷ የሆነች እናት ግን ከስብሰባው የምትመለሰው ለጎረቤቶቿ የምታደርሰውን መልእክት ይዛ እንጂ ስለ ምንጩ የተወሰነ ውሳኔ ይዛ አይደለም።

እዚህ ላይ ወረዳውን ማንሳት ግድ ይላል። ከ1994 ዓ.ም. ጀምሮ በትግራይ፣ በአማራ፣ በኦሮሚያና በደቡብ ክልሎች ገንዘብ በጥቅል በጀት ወደ ወረዳ እንዲወርድ ተደረገ፤ ሌሎቹም ተከተሉ። በጀቱን የሚያጸድቀው የወረዳው ምክር ቤት ነው። የዚያን በጀት አብዛኛውን የመምህራን፣ የጤናና የግብርና ሠራተኞች ደመወዝ ይወስደዋል፤ ለድልድይና ለቧንቧ የሚተርፈው ጥቂት ነው። ጥቂት በመሆኑም የት እንደሚውል የሚወስነው ሰው ማንነት የበለጠ ይከብዳል። ሁለት ቀበሌዎች አንድ የውኃ ጉድጓድ ሲጠባበቁ ለየትኛው ይሰጥ የሚለው በወረዳ ምክር ቤት የሚቆረጥ ነገር ነው። ጠንካራ ተከራካሪ የላከ ቀበሌና እጁን ብቻ የሚያወጣ ሰው የላከ ቀበሌ እኩል አያገኙም።

ሴፍቲኔቱም እንዲሁ። ፕሮግራሙ በ1997 ዓ.ም. ሲጀመር ተጠቃሚ የሚለየው በማኅበረሰቡ ውስጥ በተቋቋመ የምግብ ዋስትና ግብረ ኃይል እንዲሆን፣ ቅር የተሰኘ ሰውም ለቀበሌው ቅሬታ ሰሚ ኮሚቴ እንዲያመለክት ታስቦ ነው። ስሟ ከዝርዝሩ የወጣ አንዲት አሮጊት እናት ወደ ኮሚቴው ስትቀርብ፣ ያወጣትና ቅሬታዋን የሚሰማት አንድ ዓይነት ሰዎች ከሆኑ ምን ትላለች? «ልጆቼ፣ እግዜር ይስጥልኝ» ብላ ትመለሳለች። ጠያቂ አባል ያለበት ምክር ቤት ቢኖር ግን ዝርዝሩ በስብሰባ ይነበብ፣ በምን መስፈርት ወጣች ይባል ነበር።

ብዙ አድማጮች አንዴ ከመረጥን በኋላ ምን ማድረግ እንችላለን ብለው ይጠይቃሉ። «ሰማይ አይታረስ፣ ንጉሥ አይከሰስ» እያልን ያደግን ሰዎች ነንና ጥያቄው አያስገርምም። ሕገ መንግሥቱ በአንቀጽ 12 ማንኛውም ኃላፊና የሕዝብ ተመራጭ ኃላፊነቱን ሲያጓድል ተጠያቂ ነው ይላል፤ ሕዝብ በመረጠው ተወካይ ላይ እምነት ባጣ ጊዜ ከቦታው ሊያነሳው እንደሚችልም ደንግጓል። ዝርዝሩ በሕግ የሚወሰን ነው። ከዚያ በፊት ግን ቀላል የሆነ፣ ማንም ሊያደርገው የሚችል ነገር አለ። ወረዳዎች ዓመታዊ በጀታቸውን ሕዝብ በሚያየው ሰሌዳ ላይ እንዲለጥፉ የሚጠይቅ አሠራር አለ። ወረዳ ለጉዳይ በሄዳችሁ ጊዜ ሰሌዳውን ፈልጉ፤ ለትምህርት፣ ለጤና፣ ለውኃና ለመንገድ ስንት እንደተያዘ ተጽፎ ታገኙታላችሁ። ማንበብ ለሚቸገር ሰው ተማሪ ልጁ ያነብለታል። ካልተለጠፈ ለምን አልተለጠፈም ብሎ የወረዳውን ምክር ቤት አፈ ጉባኤ መጠየቅ ይቻላል።

ለሚመጣው የአካባቢ ምርጫ ከአሁኑ ልታውቋቸው የሚገቡ ጥቂት ነገሮችን ላክል። መራጭ ለመሆን 18 ዓመት መሙላትና በምርጫ ክልሉ ቢያንስ ስድስት ወር መኖር ያስፈልጋል። ለመመረጥ ዕድሜው 21 ነው። የፓርቲ አባል መሆን ግዴታ አይደለም፤ በግል መወዳደር ይቻላል። በ2011 ዓ.ም. የወጣው የምርጫ አዋጅ ቁጥር 1162 የአካባቢ ምርጫን ከጠቅላላ ምርጫ ለይቶ ያስቀምጠዋል፤ በምዝገባ፣ በድምፅ አሰጣጥና በቆጠራ ላይ ቅሬታ የሚቀርብበትን መንገድም ያሳያል። ቅሬታ መጀመሪያ የሚቀርበው እዚያው ጣቢያው ላይ ላለው አካል ነው፤ ካልተፈታ ወደ ምርጫ ክልል፣ ከዚያ ወደ ቦርዱ፣ በመጨረሻም ወደ ፍርድ ቤት ያመራል። ጊዜው አጭር ስለሆነ ቅሬታችሁን በዕለቱ በጽሑፍ አስመዝግቡ፤ ማን እንደተቀበለው፣ በስንት ሰዓት እንደተቀበለው ጻፉ፤ ቅጂ ያዙ።

በጣቢያው በር ላይ የተለጠፈውን ውጤት በስልክ ፎቶ አንስቶ ማስቀመጥ የሚችል ሰው በየመንደሩ አይጠፋም። ወረዳው ላይ የተደመረው ውጤት ሲገለጽ የእናንተ ጣቢያ ቁጥር ያው መሆኑን አመሳክሩ። 402 ብሎ የተለጠፈው 402 ሆኖ ካልተገኘ የምታቀርቡት ማስረጃ በእጃችሁ አለ።

አድማጮቻችን፣ በቀበሌያችሁ ምክር ቤት መቼ ለመጨረሻ ጊዜ ድምፅ እንደሰጣችሁና ምክር ቤቱ ምን እንደሠራላችሁ ጻፉልን፤ በሚቀጥለው ዝግጅታችን ደብዳቤዎቻችሁን እናነባለን።